አሰልጣኙ ይባረር? መጀመሪያ እንቁጠር

ዋልያዎቹ በተሸነፉ ቁጥር ስልካችሁ ላይ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ከነፋ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ቴሌግራሙም፣ ቲክቶኩም፣ የፌስቡክ ኮሜንቱም አንድ ቃል ይይዛል፦ «ይባረር!» ካዛንቺስ ኳስ በሚታይባቸው ቤቶችም ቃሉ ያው ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪ ወደ ገላን ጉራ ሄዷል፤ ክርክሩንም ይዞት ሄዷል። አሰልጣኙ ማንም ይሁን ማን ለውጥ የለውም። የዛሬ አሥር ዓመት የተጻፈ ኮሜንት ላይ ስሙን ብቻ ቀይራችሁ ዛሬ ብትለጥፉት ማንም አይነቃባችሁም።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ስለዚህ አሰላለፍ ላይ አልከራከራችሁም። 4-3-3 ይሻላል ወይስ 4-2-3-1 የሚለውን ለሚያውቁት ትቼዋለሁ። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አሰልጣኝ ስንቀይር የምንከፍለውን ቆጥረን እናውቃለን? ያተረፍነውስ ምንድነው? ቁጥሩ ተደብቆ የተቀመጠ አይደለም። የብሔራዊ ቡድናችን ውጤት እያንዳንዱ ጎል ሳይቀር ተመዝግቧል። ቁጭ ብሎ የሚደምር ሰው ነው የጠፋው።

እንግዲህ እንደምር።

ከብራዚል ደጃፍ እስከ ስንብት

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም የነበረ ሰው ያንን ቀን አይረሳውም። ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፎ የመጣው ቡድን እዚህ ቂርቆስ ላይ 2 ለ 0 አሸነፈ። አዳነ ግርማ አንድ፣ ሳላዲን ሰኢድ አንድ። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነና ከሜዳችን ውጪ ባገባናቸው ጎሎች አለፍን። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ ሳይባል ስታዲየሙ በሙሉ አበደ።

አሰልጣኙ ሰውነት ቢሻው ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ላይ በተካሄደው ውድድር ከወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጣን፤ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ከምድብ ተመለስን። ያው ቡድን ግን ለብራዚሉ ዓለም ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። የቀረው ከናይጄሪያ ጋር ደርሶ መልስ ብቻ ነበር። ጥቅምት 3 ቀን 2006 አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን። አለቀ። ግን እስኪ አስቡት፣ ኢትዮጵያ ለዓለም ዋንጫ ያን ያህል ቀርባ አታውቅም።

በጥር 2006 ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ላይ ቻን መጣ። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ሽንፈት፣ ዜሮ ጎል። ብዙም ሳይቆይ አሰልጣኝ ሰውነት ተሰናበቱ። ከካላባሩ ምሽት እስከ ስንብቱ ያለው ጊዜ ሦስት ወር ገደማ ነው።

ጎል ሳያገቡ መመለስ ያበሳጫል፤ የተናደደውን ደጋፊ አልፈርድበትም። የሚያጓጓኝ ግን ከስንብቱ በኋላ የሆነው ነው።

በየዓመቱ አንድ

በ2006 ማሪያኖ ባሬቶ ከፖርቱጋል መጡ። በ2007 ዮሐንስ ሳህሌ። በ2008 ገብረመድኅን ኃይሌ። በ2009 አሸናፊ በቀለ። በ2010 አብርሃም መብራቱ። ደግማችሁ አንብቡት፦ በአምስት ተከታታይ ዓመታት አምስት አዲስ አሰልጣኝ። የዘመን መለወጫ ይመስል በየዓመቱ አንድ።

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. የ2015፣ የ2017 እና የ2019 አፍሪካ ዋንጫዎች ሦስቱም አመለጡን። በመካከሉ በመጋቢት 2008 አልጄሪያ ሄደን 7 ለ 1፣ በሰኔ 2009 ኩማሲ ላይ በጋና 5 ለ 0 ተሸነፍን። «ይባረር» የሚለው መድኃኒት በትክክል የሚሠራ ቢሆን ኖሮ በዚያ ሁሉ መጠን ተወስዶ ሕመምተኛው መዳን ነበረበት።

ኢኮኖሚስቶች የመቀየሪያ ወጪ የሚሉት ነገር አለ። ስልካችሁን ከአንዱ ብራንድ ወደ ሌላው ስትቀይሩ የምትከፍሉት የስልኩን ዋጋ ብቻ አይደለም። ፎቶው እስኪተላለፍ፣ አፑ እስኪጫን፣ ጣታችሁ አዲሱን ኪቦርድ እስኪለምድ ድረስ ጊዜ ይሄዳል። ቡድንም እንደዚያው ነው። አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ ምርጫው፣ የአጨዋወት ዘዴው፣ ረዳቶቹ፣ ካፒቴኑ ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመራል። ብሔራዊ ቡድን ደግሞ እንደ ክለብ በየቀኑ ልምምድ የለውም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚገናኘው ጥቂት ጊዜ ነው። ክለብ በአንድ ወር የሚላመደውን ብሔራዊ ቡድን በአንድ ዓመት ላይጨርሰው ይችላል። እኛ ደግሞ ዓመቱ ሲሞላ እናባርራለን።

ይህንን ወጪ የሚከፍለው ፌዴሬሽኑ ብቻ አይደለም፤ ተጫዋቹም ነው። ካላባር ላይ 22 ዓመት የነበረ ተጫዋች ቀጣዩ አፍሪካ ዋንጫ ያውንዴ ላይ በጥር 2014 ሲደርስ 30 ዓመት ሞልቶታል። ጌታነህ ከበደና ሽመልስ በቀለ በሁለቱም ውድድሮች ነበሩ። በመካከሉ ያለፈው ጊዜ የአንድ ተጫዋች ምርጥ ዕድሜ ነው፤ በኮሜንት አይመለስም።

የዘጠኙ ነጥብ ሒሳብ

«እሺ፣ ግን በ2013 መቀየሩ ሠርቷል እኮ» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ይመስላል። አብርሃም መብራቱ በ2012 መጨረሻ ውላቸው ሳይታደስ ቀረ፤ በ2013 መጀመሪያ ውበቱ አባተ መጡ፤ በመጋቢት 2013 ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። ተባረረ፣ ተቀጠረ፣ አለፈ። ቀላል ታሪክ ነው።

አሁን ነጥቡን ቁጠሩት። ምድባችን ውስጥ ኮትዲቯር፣ ማዳጋስካርና ኒጀር ነበሩ። ኢትዮጵያ የሰበሰበችው 9 ነጥብ ነው። ሦስተኛ የወጣችው ማዳጋስካር 8። ልዩነቱ አንድ ነጥብ ነው! ከዘጠኙ ስድስቱን ያመጣው የአሰልጣኝ ውበቱ ቡድን ነው፤ ኒጀርን 3 ለ 0፣ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 አሸንፎ። የቀረው ሦስት ነጥብስ? ኅዳር 9 ቀን 2012 ባሕር ዳር ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ስናሸንፍ የተገኘ ነው። ያንን ቀን ቡድኑን የመሩት አብርሃም መብራቱ ናቸው።

ያ ድል ባይኖር 6 ነጥብ ይዘን ቤታችን እንቀር ነበር። ስለዚህ ያውንዴ የሄድነው በሁለት አሰልጣኞች ሥራ ነው፤ አንዱ በጀመረው፣ ሌላው በጨረሰው። ፎቶው ላይ ግን ያለው የመጨረሻው ብቻ ነው። አሰልጣኝ ውበቱን ማሳነሴ አይደለም፤ 4 ለ 0 በዕድል አይመጣም። የምለው አሰልጣኝ የሚዘራውን ሌላ ሰው ሊያጭደው እንደሚችል ነው። አሰልጣኝ በየዓመቱ በሚቀያየርበት አገር ደግሞ ማን ዘራ፣ ማን አጨደ የሚለው ጨርሶ ይምታታል።

አሰልጣኝ ውበቱም ቢሆኑ ዕጣው አልቀረላቸውም። ሰኔ 2 ቀን 2014 ሊሎንግዌ ላይ ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፉ፤ አገር ተደሰተ። በመጋቢት 2015 በጊኒ ሁለት ጊዜ ተሸነፉና ብዙም ሳይቆይ ከቡድኑ ጋር ተለያዩ። ከግብጹ ድል አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም።

በረኛው ለምን ይዘላል?

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የእስራኤል ተመራማሪዎች ጥናት አለ፤ ኳስ የሚወድ ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። 286 ፍጹም ቅጣት ምቶችን ሰብስበው መቺው ወዴት እንደመታ፣ በረኛው ወዴት እንደሄደ መዘገቡ። ከመቶ 29 ያህሉ ምት ወደ መሐል የተመታ ነበር። በረኞቹ ግን መሐል ላይ የቆሙት ከመቶ 6 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው። በቆሙባቸው ጊዜያት ከሦስት ምት አንዱን አድነዋል፤ ሲዘሉ ከሰባት አንዱን ያህል። እና ለምን ይዘላሉ?

የተመራማሪዎቹ መልስ እኛን የሚነካ ነው። በረኛ ዘሎ ጎል ቢገባበት «ሞክሯል» ይባላል። ቆሞ ቢገባበት ግን «ምን አፍዝዞት ነው የቆመው?» ይባላል። ስለዚህ ጎል ቢገባበትም ባይገባበትም መዝለሉ ለራሱ ስም ይሻለዋል።

ፌዴሬሽንም እንደዚሁ በረኛ ነው። ቡድኑ ሲሸነፍ ሕዝብ ይጮሃል፤ ጋዜጠኛ ማይክ ይደቅናል። አሰልጣኝ ማባረር መዝለል ነው፤ የሆነ ነገር ተደርጓል ያስብላል። ዝም ብሎ መቆም፣ «ዕቅዳችን የሁለት ዓመት ነው፣ እንጠብቃለን» ማለት ግን ድፍረት ይጠይቃል። የመዝለሉን ሒሳብ የሚከፍለው ደግሞ የሚቀጥለው አሰልጣኝና የሚቀጥለው ማጣሪያ ነው።

«ግን ሲባረር ቡድኑ ይነቃቃል እኮ!» አዎ፣ ብዙ ጊዜ ይነቃቃል። ይሄ ከፕሪሚየር ሊጉ እስከ እንግሊዝ ድረስ ሁላችንም የምናየው ነው። ጥያቄው የተነቃቃው በመባረሩ ነው ወይ ነው።

አንድ ተማሪ አስቡ። ሁልጊዜ ሒሳብ ላይ 70 አካባቢ ያመጣል። አንድ ቀን አሞት፣ ወይ እንቅልፍ ሳይተኛ አድሮ 45 አመጣ። አስተማሪውን ቀየርንለት። የሚቀጥለው ፈተና 68 መጣ። አዲሱን አስተማሪ ልንሸልመው ነው? ተማሪው እኮ የ70 ተማሪ ነው፤ ወደ ቦታው ነው የተመለሰው። አሮጌው አስተማሪ ቢቆይም ይመለስ ነበር። አሰልጣኝ የሚባረረው ደግሞ ሁልጊዜ 45 በመጣ ማግስት ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ሰው ምንም ባያደርግ እንኳ ውጤቱ ከፍ የማለት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ባስ ተር ዊል የተባለ ኔዘርላንዳዊ ኢኮኖሚስት ይህንን በቁጥር ፈትሾታል። የአገሩን ሊግ ከ1986 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ያለውን ወስዶ አሰልጣኝ ያባረሩ ክለቦችን፣ በተመሳሳይ የውጤት መውደቅ ውስጥ ሆነው ካላባረሩ ክለቦች ጋር አነጻጸረ። ያባረሩት ተሻሻሉ። ያላባረሩትም ተሻሻሉ። በኋላ ደግሞ ሌሎች ሁለት ኔዘርላንዳውያን፣ ቫን አውርስና ቫን ታውል፣ የውርርድ ቤቶችን ኦድ ጭምር ተጠቅመው አጠኑት። ኦድ ምን እንደሆነ ለናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም መቼስ። ድምዳሜያቸው ተመሳሳይ ነው፦ ማባረሩ ብቻውን ካለማባረሩ የተለየ ጥቅም አላሳየም።

የራሳችንን ምሳሌ ተመልከቱ። በ2016 መጨረሻና በ2017 መጀመሪያ በገብረመድኅን ኃይሌ የሚመራው ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከታንዛኒያ 0 ለ 0 ከወጣ በኋላ በዲሞክራቲክ ኮንጎ 2 ለ 0፣ በጊኒ 4 ለ 1 እና 3 ለ 0 ተሸነፈ። መሳይ ተፈሪ ተተኩ። የመጀመሪያውን ጨዋታ በታንዛኒያ 2 ለ 0 ተሸነፉ፤ ኅዳር 10 ቀን ኪንሻሳ ላይ ኮንጎን 2 ለ 1 አሸነፉ። ደስ ይላል፣ ኮንጎን በሜዳዋ ማሸነፍ ቀላል አይደለም። ግን ኮንጎ የመጀመሪያዎቹን አራት ጨዋታዎቿን አሸንፋ አስቀድማ ያለፈች ቡድን ነበረች። ከዚያ አንድ ጨዋታ ተነስቶ «አዲሱ አዳነን» ማለትም ሆነ ከታንዛኒያው ተነስቶ «ያው ነው» ማለት ያስቸግራል። ሁለት ጨዋታ ምንም አይነግራችሁም።

ማቆየትም ጽድቅ አይደለም

እስካሁን ያነበባችሁ ሰዎች «ስለዚህ ማንም አይባረር እያልክ ነው» ልትሉኝ ትችላላችሁ። አይደለም። የአርሰናል ደጋፊዎች አርቴታን ይጠቅሱልኛል፦ ሁለት ጊዜ ስምንተኛ ወጥቶ፣ የሚቀጥለውን ዓመት በሦስት ተከታታይ ሽንፈት ጀምሮ፣ ታግሰውት ከ2023 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሁለተኛ ወጣ። የማንቼ ደጋፊዎች ደግሞ ፈርጉሰንን ያመጣሉ፦ በ1986 ተቀጥሮ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሳው በ1993 ነው።

ቆንጆ ታሪኮች ናቸው፤ ግን ወጥመድ አላቸው። የምናስታውሰው ታግሰውት የተሳካለትን ብቻ ነው። ታግሰውት ቡድኑን ይዞ የወረደውን አሰልጣኝ ማንም በፖስት አይጽፍለትም። ሎተሪ የደረሰው ሰው ቴሌቪዥን ላይ ይቀርባል፤ ያልደረሳቸው አይቀርቡም። ከደረሰው ሰው ተነስተን «ሎተሪ ያዋጣል» አንልም።

በስሜት ማቆየት በስሜት ከማባረር አይሻልም። ማንቼስተር ዩናይትድ በ2024 እ.ኤ.አ. በሊጉ ስምንተኛ ወጥቶ ሊያባርረው ሲያስብ የነበረውን ቴን ሃግ፣ በኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ሲቲን 2 ለ 1 ስላሸነፈ ውሉን አራዘመለት። ጥቅምት ላይ አባረረው። አንድ ጨዋታ አቆየው፤ ጥቂት ጨዋታ አባረረው። አሜሪካ ደግሞ በእጅ የሚጫወቱትን የኮሌጅ ፉትቦል ተመልከቱ። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ጂምቦ ፊሸር የተባለ አሰልጣኙን አንድ ጥሩ ዓመት ስላሳለፈ በ2021 ረጅም ውል አስፈረመው። በ2023 ሲያሰናብተው ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍለው ተገደደ። ዩኒቨርሲቲ ነው እንግዲህ፣ ኢኮኖሚክስ የሚያስተምሩ ሰዎች ያሉበት። ሲደሰቱ ፈረሙ፣ ሲናደዱ ከፈሉ።

መሪው በማን እጅ ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ታክሲ ሲዘገይ ሹፌሩን እንሰድባለን። መንገዱ ተዘግቶ ከሆነ ግን ሹፌሩን ብንቀይር ያው ነው። አሰልጣኝ ላይ ከመፍረዳችን በፊት በእጁ ያለውንና የሌለውን መለየት አለብን።

በእጁ ካልነበሩት አንዱ ሜዳ ነው። ከ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ስታዲየሞቻችን የካፍን መስፈርት ስላላሟሉ ዋልያዎቹ ለዓመታት «የሜዳቸውን» ጨዋታ በሰው አገር ተጫውተዋል። ጋናን ጆሃንስበርግ ላይ፣ ግብጽን ሊሎንግዌ ላይ አስተናገድን። አሁን በጠቀስኩት የ2017ቱ ማጣሪያ ብቻ ኮንጎን ዳሬሰላም፣ ጊኒን አቢጃን፣ ታንዛኒያን ኪንሻሳ ላይ ነው «የጋበዝነው»። በአንድ ማጣሪያ ሦስት የሜዳ ጨዋታ፣ ሦስት አገር፣ አንዱም ኢትዮጵያ አይደለም። ሱዳንን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ካታንጋ እየጮኸ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ያንን ጩኸትና ያንን አየር ይዞ ዳሬሰላም የሚሄድ አሰልጣኝ የለም። በጥር 1954 ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፈን ብቸኛውን የአፍሪካ ዋንጫችንን ያነሳነውም እዚሁ አዲስ አበባ ነው።

ሌላው ቢሮ ነው። ያ ለብራዚል የተቃረበው ቡድን በ2005 ዓ.ም. ቦትስዋናን ከሜዳው ውጪ 2 ለ 1 ካሸነፈ በኋላ፣ ቅጣት ያለበት ተጫዋች ስለተሰለፈ ሦስት ነጥቡን ተነጥቋል። ፌዴሬሽኑም ስህተቱን አምኗል። ቢጫ ካርድ ቆጥሮ ደብዳቤ የሚጽፈው አሰላለፍ የሚያወጣው ሰው ብቻ አይደለም። እንደ ዕድል ሆኖ ምድቡን ያም ሆኖ በአንደኝነት ጨረስን እንጂ ያ ወረቀት የአንድ ትውልድ ሕልም ሊበላ ነበር። ያኔ «ይባረር» ብንል ማንን ነበር የምንለው?

ለዚህ ነው አሰልጣኝ ማባረር ለአንዳንድ ሰው በጣም የሚመቸው። ሜዳው ለምን እንዳላለቀ፣ ታዳጊዎች የት እንደሚሠለጥኑ፣ የወዳጅነት ጨዋታ ለምን እንዳልተገኘ መጠየቅ ሲገባን ስለ አዲሱ አሰልጣኝ ማንነት ለሁለት ወር እንከራከራለን። በሁለት ወሩ መጨረሻ ላይ የድሮው ጥያቄ ተረስቷል።

ታዲያ መቼ ይባረር?

መባረር ያለበት አሰልጣኝ አለ፤ አንዳንዴም ገና በጊዜ። እኔ ሦስት ጥያቄ አለኝ። ሦስቱም የሚጠየቁት ከሽንፈት ማግስት ሳይሆን አስቀድሞ ነው።

አንደኛ፣ ሲቀጠር ምን ተባብለን ነበር? ውሉ ላይ የሚለካ ነገር መጻፍ አለበት፣ ለሕዝብም መነገር አለበት። «ለአፍሪካ ዋንጫ ማሳለፍ» ብቻ ሳይሆን በስንት ጨዋታ ስንት ነጥብ፣ ስንት ከ23 ዓመት በታች ተጫዋች ማስገባት፣ በየትኛው ወር ግምገማ እንደሚደረግ። ግብ የተጻፈለት አሰልጣኝ ሳያሟላ ሲቀር በክብር ይሸኛል፤ እሱም ይቀበለዋል። ግብ ያልተጻፈለት አሰልጣኝ ግን የሚባረረው በጩኸት መጠን ነው። ጩኸት ደግሞ መለኪያ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ጨዋታው ወዴት እየሄደ ነው? ውጤት በአንድ ፍጹም ቅጣት ምት ይገለበጣል፤ አጨዋወት ግን ቶሎ አይዋሽም። በየጨዋታው ስንት ንጹሕ የጎል ዕድል ፈጠርን፣ ስንትስ ሰጠን? አሥር ጨዋታ ላይ ይህንን ብትቆጥሩ መስመሩ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች ይታያችኋል። መሸነፍ እያለ መስመሩ እየወጣ ከሆነ ታገሱ። ማሸነፍ እያለ መስመሩ እየወረደ ከሆነ ተጨነቁ። መልበሻ ክፍሉ ከፈረሰ፣ ተጫዋቾቹ መስማት ካቆሙ ደግሞ አሥር ጨዋታ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ ማን ሊመጣ ነው? ኢኮኖሚክስ ከሚያስተምረው ሁሉ ለሕይወት የሚጠቅመው ይሄ ይመስለኛል፦ ማንኛውም ምርጫ የሚመዘነው ከአማራጩ ጋር ነው። «ይሄ ጥሩ አይደለም» ማለት «ያኛው ይሻላል» ማለት አይደለም። በ2008 የሠሩት ገብረመድኅን ኃይሌ በ2016 ቡድኑን ዳግም ሲመሩ ነበር። ዳግም መምጣታቸው ነውር የለውም፤ ግን በስምንት ዓመት ውስጥ ዞረን ዞረን እዚያው ከደረስን መጀመሪያ ስንለያይ አማራጩን በደንብ አይተነው ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የተተኪው ስም፣ ዕቅዱና ደመወዙ ጠረጴዛ ላይ ሳይቀመጥ የሚወሰን ስንብት ዓይን ጨፍኖ መዝለል ነው።

«ይሄ ሁሉ ለፌዴሬሽን ነው፣ እኔ ምን አገባኝ?» እንዳትሉ። ፌዴሬሽኑ የሚዘለው እኛ ስለምንጮህ ነው። የበረኛውን ጨዋታ አስታውሱ፤ በረኛው የፈራው ኳሱን አይደለም፣ ተመልካቹን ነው። ተመልካቹ ሌላ ነገር ቢጠይቅ በረኛውም ሌላ ነገር ያደርጋል። ዋልያዎቹ ሲሸነፉ «ይባረር» ከሚለው ኮሜንት ሥር «ውሉ ላይ የተጻፈው ግብ ምንድነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሺህ ሰው ቢኖር፣ መልስ የሌለው ቢሮ መጨነቁ አይቀርም።

የኔን አቋም ለሚፈልግ እነሆ። ማንኛውም የዋልያዎቹ አሰልጣኝ አንድ ሙሉ ማጣሪያ፣ ከመጀመሪያው ጨዋታ እስከ መጨረሻው፣ በተጻፈ ግብ ይሰጠው። በመሐል የሚነሳው መልበሻ ክፍሉ ከፈረሰ ብቻ ይሁን። ማጣሪያው ሲያልቅ ግቡን ካልመታ አመስግነን እንሸኘው፣ ያለ ስድብ። ያንን በምናደርግበት ቀን ግን ፌዴሬሽኑም የራሱን ግብ ይዞ ይቅረብ፦ ስንት ሜዳ ካፍ እንዲያጸድቅለት አደረገ፣ ስንት የወዳጅነት ጨዋታ አዘጋጀ፣ ከታዳጊ ቡድን ስንት ልጅ ወደ ዋናው አሳደገ። ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይነበቡ። የቱ ቀድሞ መሸኘት እንዳለበት ያኔ በቁጥር እንነጋገራለን።